ብልሃርዚያና የጉበት ቫይረስ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የአንጀት ብልሃርዚያ በላይኛው አዋሽ ሸለቆና በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ለበርካታ ዓመታት የቆየ የጤና ችግር ነው። የጉበት ብግነት የሚያስከትሉት የሄፓታይተስ "ቢ" እና "ሲ" ቫይረሶችም በመላ አገሪቱ ይገኛሉ። ትሉና ቫይረሱ በአንድ ሰው ላይ ሲደረቡ በጉበት ላይ የሚደርሰው ጉዳት የከፋ እንደሚሆን የሕክምና ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

በአዳማ አቅራቢያ የሚገኘው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ በአዋሽ ውኃ የሚለማው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ቦዮች ለቀንድ አውጣዎች ምቹ መራቢያ ሆነዋል። የትሉ እጭ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ዳር ያለው ቀንድ አውጣ ከወንጂው በዝርያ ቢለይም የሚያስተላልፈው ትል ግን ያው ነው። ለችግሩ የተጋለጡት በዋናነት ውኃ የሚያጠጡ ሠራተኞች፣ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ልብስ አጣቢዎችና የሚዋኙ ሕፃናት ናቸው።

ትሉ የሚጥላቸው እንቁላሎች ከአንጀት በደም ተጉዘው በጉበት ውስጥ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይቀረቀራሉ። በዙሪያቸው የሚፈጠረው ጠባሳ የደሙን መተላለፊያ ያጠባል፤ ጣፊያ ያብጣል፣ በምግብ ቧንቧ ላይ ያሉ የደም ሥሮችም ተወጥረው ሊፈነዱና ሕመምተኛውን ደም ሊያስተፉት ይችላሉ። ሆኖም ትሉ ብቻውን ሲሆን የጉበት ሕዋሳት በአብዛኛው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ቫይረሱ በአንጻሩ የሚያጠቃው እነዚያኑ ሕዋሳት ነው። ስለዚህ አንዱ የደሙን መንገድ ሲዘጋ ሌላው ሕዋሱን ያወድማል። ከዚህም በላይ እንቁላሎቹ የሰውነትን የመከላከል አቅም አቅጣጫ ስለሚያስለውጡ ቫይረሱን የማስወገዱ ዕድል ይቀንሳል።

ለዚህ ጎልቶ የሚጠቀሰው የግብጽ ተሞክሮ ነው። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ብልሃርዚያን ለማከም በዘመቻ የተሰጠው መርፌ በተገቢው መንገድ ሳይቀቀል በመደጋገሙ ሄፓታይተስ "ሲ" በሰፊው ተሠራጭቷል። ሁለቱም በሽታዎች ያሉባቸው ሕመምተኞች ጉበት ቫይረሱ ብቻ ካለባቸው ይልቅ ፈጥኖ እንደሚጠባሰስ የታወቀው በአብዛኛው በዚያ በተደረጉ ጥናቶች ነው። ሄፓታይተስ "ቢ"ን በተመለከተ ያለው ማስረጃ ይህን ያህል የጠነከረ አይደለም። ግብጽ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረችው አገር አቀፍ ምርመራና በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት በርካታ ሚሊዮን ሰዎችን አድኗል።

በአገራችን ፕራዚኳንቴል የተባለው የብልሃርዚያ መድኃኒት በዘመቻ ሲሰጥ የቆየው በዋናነት ለተማሪዎች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎችም እንዲካተቱ መክሯል፤ ለአገዳ እርሻ ሠራተኛውና ለአስጋሪው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒቱ ትሉን ቢገድልም ዳግም መያዝን አይከላከልም፣ ቫይረሱንም አይነካም። በመሆኑም ጣፊያው ያበጠ ሰው በሰገራው እንቁላል ስለተገኘ ብቻ የቫይረሱ ምርመራ ሊቀርበት አይገባም።

የሄፓታይተስ "ቢ" ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት የተካተተው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ በማሳውና በሐይቁ ዳር የሚሠሩት አብዛኞቹ አዋቂዎች በልጅነታቸው አላገኙትም።