ሬቲኖይክ አሲድና የፅንስ ፊት አፈጣጠር

ሬቲኖይክ አሲድ ሰውነት ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው፣ የጂኖችን ሥራ የሚመራ ውህድ ነው። በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት መንጋጋን፣ ላንቃንና ጆሮን የሚሠሩ ሕዋሳት ከነርቭ ቱቦ ጠርዝ ተነሥተው ወደ ፊት ይጓዛሉ፤ ውህዱ ሲበዛባቸው መንገድ ይስታሉ ወይም ይሞታሉ። ጆሮ ሳይሟላ ይቀራል፣ አገጭ ያንሳል፣ ላንቃም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ልብና አንጎልም ሊጎዱ ይችላሉ። ጉዳቱ በሰው ላይ ጎልቶ የታየው አይሶትሬቲኖይን የተባለው፣ ራሱ የሬቲኖይክ አሲድ ዓይነት የሆነ የብጉር መድኃኒት በ1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ በኋላ ነው። በዲላና በጌዴኦ ዞን የሚያሳስበው ይልቁን እጥረቱ ነው፤ የእንሰት ቆጮ በቫይታሚን ኤ ድሃ ነውና። ከ12 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የ200,000 ዩኒት የቫይታሚን ኤ እንክብል ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ለእርሷ የቀን ጣሪያው 10,000 ዩኒት ነው። የጓሮ ጎመንና የካሮት ቤታ ካሮቲን ይህን ጉዳት አያስከትልም።