ከባልዲ የወጣው ዳዶ

ኤርፖርት ተራ ይዣለሁ። ሃርትስፊልድ ዛሬ ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ረዘም ቢል ቻሉኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ተሳፋሪ ጭኜ 285 ላይ መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዳር ይዤ ወረድኩ። የፊት ግራ ጎማ፣ ከአምስቱ ዳዶ አንዱ በጣት ይሽከረከራል፤ ግራና ቀኙ ያሉትም ላልተዋል። ከሦስት ቀን በፊት ጎማ ያስቀየርኩበት ቤት (ስሙ ይቅር) አንድ ዳዶ ጠፍቶበት ከባልዲ ሌላ አንስቶ አስሮልኝ ነበር። የሐበሻው መካኒክ ፈትቶ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የፎርድ ነው» አለኝ።

እንዴት ገባ ታዲያ? የካምሪ ዳዶ በ21 ቁልፍ ይፈታል። የድሮዋ ክራውን ቪክቶሪያ፣ ስንቶቻችን እንጀራ የበላንባት፣ ዳዶዋ በኢንች ሆኖ 20.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ያው ቁልፍ ይይዘዋል። ልዩነቱ ውስጡ ነው።

ጥርስ የምንለው አንድ ረጅም ዳገት ነው። ሊማሊሞን አስቡ፤ መንገዱ እየተመላለሰ ሳይሆን ተራራውን ዙሪያውን እየከበበ ቢወጣ ኖሮ ብሎን ይሆን ነበር። አንድ ዙር ስትዞር ከፍ የምትለው ፒች ይባላል። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ሸለቆ ስፋት ደግሞ አንግሉ ነው። ካምሪ 12 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 1.5 ፒች። ፎርድ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ሆኖ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ፤ ፒቹ 1.27። ሰፊው የፎርድ ዳዶ የካምሪው ብሎን ላይ ዘና ብሎ ይገባል። አራተኛው ጥርስ ላይ ሲደርስ ግን ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር ሊሞላ ይቃረባል። ያኔ የአየር መፍቻው እየጮኸ ጥርሱን ይልጠዋል፤ የጠበቀ ይመስላል።

ይህን ጣጣ ማን አመጣው ብዬ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ድሮ እያንዳንዱ ወርክሾፕ የራሱን ጥርስ ይቆርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ከየወርክሾፑ ብሎን ሰብስቦ፣ አማካዩን ወስዶ፣ አንግሉ 55 ዲግሪ፣ ጫፉም ክብ ይሁን አለ። በ1864 ፊላደልፊያ ላይ ዊሊያም ሴለርስ ተነሳ፤ ክቡ ጫፍ ለተራ ሠራተኛ ያስቸግራል፤ 60 ዲግሪ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ይሁን አለ። አሜሪካም እሱን ተከተለች። እኔ ብጠየቅ የሴለርስን እመርጣለሁ፤ ያሰበው ለሚሠራው ሰው ነው።

ሳይስማሙ መቅረት ግን ከተማ ያስበላል። የካቲት 7 ቀን 1904 (በፈረንጆቹ) ባልቲሞር ተቃጠለች። ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያ፣ ከኒውዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በባቡር ደረሱ። ቱቧቸውን ከባልቲሞር የውሃ አፍ ጋር ሊያገጥሙ ሲሉ ጥርሱ እምቢ አለ። ውሃው አለ፣ ቱቦው አለ፣ ሰዉ አለ። ከ1,500 በላይ ሕንፃ ወደመ። በኋላ ሲቆጠር በአገሪቱ ከ600 በላይ ዓይነት የቱቦ ማያያዣ ተገኘ። የእኛዋን አትላንታ በ1917 የበላው እሳት ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

በሁለተኛው ጦርነት እንግሊዝና አሜሪካ አጋር ሆነው እንኳ የአንዱ ብሎን ለሌላው አልሆን አለ፤ በ1948 ከካናዳ ጋር ሦስቱ በ60 ዲግሪ ተስማሙ። የሚሊሜትሩም ጥርስ 60 ነው። ለዚህ ነው የፎርዱና የካምሪው ዳዶ ሸለቆ አንድ የሆነው፤ ያልተስማሙት በርቀቱ ነው።

እኛማ ስሙን ከጣሊያን ወስደናል። ዳዶ የነሱ ነው። ካቻቪቴ ስንል መጨረሻው ላይ ያለው «ቪቴ» ብሎን ማለት ነው፤ እኔም ያወቅኩት ገና አሁን ነው።

መካኒኩ ብሎኑንም ዳዶውንም ቀየረልኝ። እናንተም ጎማ ካስቀየራችሁ ዳዶው መጀመሪያ በእጅ አምስት ስድስት ዙር መግባቱን ቆማችሁ እዩ፤ ሁለት ዙር ሄዶ ከያዘ ማሽን አታስነኩት። የፎርዱን ዳዶ የቡና ማስቀመጫው ውስጥ አኑሬዋለሁ፣ ጥግ ስዞር ይንኳኳል። ከፊቴ ሦስት መኪና ቀረ፤ ልነሳ።