የቀለም ብልቃጥና የጽሕፈት ጠረጴዛ ዕድሜ

የቀለም ብልቃጥ፣ መጻፊያው እየተነከረ የሚጻፍበትን ቀለም የሚይዝ ትንሽ የጠርሙስ ዕቃ ሲሆን፣ በአገራችን ቀዳሚው፣ ጸሐፍተ ብራና ከጥላሸት የተሰናዳውን ማየ ሕመትና ለቅዱሳን አስማት የሚሆነውን ቀይ ቀለም ለየብቻ የሚያኖሩበት፣ ሹል ጫፉ መሬት ላይ የሚተከል የከብት ቀንድ ነው። ጸሐፊው ብራናውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ብርዑን ስለሚያስኬድ ጠረጴዛ አላሻውም፤ አትሮንስም የንባብ እንጂ የጽሕፈት ዕቃ አይደለም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ ወዲህ የመንግሥት ጉዳይ በመዝገብና በደብዳቤ እየተካሄደ ሲሄድ፣ ብልቃጡና ባለመሳቢያው ጠረጴዛ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ሆኑ። ቦሌ ግን አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ከተሠራ በኋላ የጎለመሰ ሰፈር በመሆኑ፣ በዚያም ሆነ በገርጂ ሳሎን ተከብሮ የሚታየው የአያት ጠረጴዛ በእርግጥ የአያት ከሆነ፣ ከአራዳ ወይም ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ ነውና፣ የቤቱ ዘመን ለዕቃው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ምስክሩ ገላው ነው። የብልቃጡ ጎን ላይ የሚወጣው የቅርጽ ስፌት ከአንገቱ ላይ ከቀረ፣ አፉ በሰው እጅ የተበጀ ነው፤ ከንፈሩን ተሻግሮ ከወጣ ግን፣ አሜሪካዊው ማይክል ኦዌንስ እ.ኤ.አ. በ1903 ካወጣው የጠርሙስ መኪና ወዲህ የተሠራ መሆኑን አብዛኛውን ጊዜ ያስረዳል። በቂጡ ላይ የሚገኘው ሸካራ ጠባሳ፣ ባለሙያው ትኩሱን ብልቃጥ የያዘበት የብረት ዘንግ የተገነጠለበት ሲሆን፣ የቀደመ ሥራ ምልክት ነው። ማንጋኒዝ የገባበት ጠርሙስ ለብዙ ዘመን ፀሐይ ሲመታው ወደ ወይን ጠጅ መልክ ይለወጣል፤ ነገር ግን ይህንኑ መልክ በሰው ሠራሽ ጨረር በጥቂት ጊዜ የሚያወጡ ስላሉ፣ ገዢ በመልኩ ብቻ ዋጋ ባይቆርጥ ይበጀዋል።

ከጠረጴዛው አስቀድሞ መሳቢያው ይሳብ፤ የማዕዘኑ ጥርሶች እርስ በርሳቸው እኩል ካልሆኑ የእጅ መጋዝ ሥራ ናቸው። ጀርባው ኮምፔርሳቶ ቢሆን፣ ወይም ራሱ መስቀለኛ የሆነ ቪቴ ቢገኝበት፣ የኋላ ዘመን ሥራ አለዚያም የኋላ ዘመን ጥገና ነው። ዋንዛና ዝግባ የአገር አናጢን ያመለክታሉ።

በብልቃጡ ግርጌ የታተመ ዓመት የአውሮፓ ነውና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ተቀንሶለት ይነበባል፤ በግዕዝ አኃዝ የተቀረጸው ግን እንዳለ ይወሰዳል። ርካሹ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1950 ከወጣ በኋላ ብልቃጡ ከገበታ ወረደ፤ በዴስክ ላይ ለእርሱ የተበሳውን ቀዳዳ ዛሬ የሚያይ ልጅ ምን ይገባበት እንደነበረ መጠየቁ አይቀርም።