ከሐዲዱ እስከ ባሌስትራው፦ የመኪና ዘመን በቦርደዴ ሜዳ

የኢትዮጵያ የአሮጌ መኪና ታሪክ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። ለዐፄ ምኒልክ የቀረበችው የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሮልስ ሮይሶች፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው ይዛ የወጣችው ትንሿ ቮልስዋገን በየጊዜው ይተረካሉ፤ መተረካቸውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ተሽከርካሪዎች ከባሕር ጠረፍ ተነሥተው ወደ መሀል አገር የገቡበት በር፣ ከዚያም ወዲህ መኪና የሰዎች መተዳደሪያ ሆኖ የኖረበት ጎዳና በአመዛኙ በምሥራቅ ቆላ በኩል ያለፈ ሲሆን፣ የዚያ ጎዳና ታሪክ ከነገሥታቱ ጋራዥ ታሪክ ያልተናነሰ ትኩረት ይገባዋል። ቦርደዴ በዚህ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ናት። ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ወደ አሰቦትና ወደ ሚኤሶ ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት ስትሆን፣ በአካባቢዋ የኢቱ ኦሮሞ፣ የኢሳ ሶማሌና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል እየነዱ የሚገናኙበት ሜዳ ተዘርግቷል።

ሞተር ከመምጣቱ በፊት ከሐረር ወይም ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ለሚወጣ ሲራራ ነጋዴ ሦስት መንገዶች ነበሩት። የላይኛው በጨርጨር ደጋ በኩል ቁልቢን፣ ሂርናንና ቁኒን እየነካ የሚያልፍ ሲሆን፣ ጥላና ውኃ ቢኖረውም በክረምት ጭቃው በቅሎ ያሰጥም ነበር። የታችኛው በአፋር በረሃ በቢለን በኩል የሚሄድ፣ ሜዳው የቀና ነገር ግን ውኃው የራቀ ነበር። በሁለቱ መካከል ደግሞ የአሰቦትን ተራራ ግርጌ ይዞ የሚያልፈው የአሰቦት መንገድ ነበረ። ኋላ ላይ ባቡሩ በስተመጨረሻ የመረጠው ይህን የመካከለኛውን ቆላ መሆኑ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሐዲድ ዳገት አይወድም፣ የመጀመሪያዎቹ ሞተሮችም አይወዱም ነበር። ግመል በሦስቱም መንገድ ሲሄድ ኖሯል፤ ሐዲድ ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ አነሣ።

ወደዚህ አገር የገባው ያለ ሐዲድ በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ የመጀመሪያው ተሽከርካሪ መኪና ሳይሆን የመንገድ መዳመጫ ነው። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ በሕዝብ ዘንድ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ የታወቀ ሲሆን፣ ስያሜው ራሱ ዘመኑን ይገልጻል። በዚያን ጊዜ «ባቡር» የሚለው ቃል በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ኃይል ያለው መሣሪያ ያመለክት ነበር፤ «የወፍጮ ባቡር» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ የቆየውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በቦርደዴ ዙሪያ ይህ ቃል ይበልጥ አስገራሚ ታሪክ አለው፤ አማርኛ ተናጋሪው ባቡር ሲል ሐዲዱን ሲያስብ፣ ሶማልኛ ተናጋሪው በዚያው ቃል የጭነት መኪናን ይጠራል፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ደግሞ ከመንከባለል ከሚወጣው ግስ የራሱን ቃል አበጅቶ መኪናን «ኮንኮላታ» ይላል። ሦስት ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ገበያ ላይ ቆመው ስለ አንድ የጭነት መኪና ሲነጋገሩ፣ የሚጠቀሙባቸው ቃላት ያ ነገር ወደ እያንዳንዱ ሕዝብ በየትኛው በር እንደገባ ይመሰክራሉ።

አውቶሞቢል ራሷ አዲስ አበባ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለች የአገሩን ሥሪት መኪና ይዞ ከጂቡቲ ተነሣ፤ ለመኪና የተሠራ መንገድ አንድም ባልነበረበት አገር ብዙ ድካም ካየ በኋላም በምኒልክ ፊት ቀረበ። የጉዞው ታሪክ ክሊፎርድ ሃሌ በተባለ ጸሐፊ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1913 ለንደን ላይ በመጽሐፍ ታትሟል። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም በአገሩ መኪና አዲስ አበባ ገብቷል፤ እርሱም የጉዞውን ታሪክ ወዲያው አሳትሟል። ስለ ሁለቱ ጉዞዎች በሰፊው የሚነገረው ቀድሞ የደረሰው ማን እንደሆነ ነው። ለአገሪቱ የመንገድ ታሪክ ግን ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር፣ ከሁለቱም በኋላ ለብዙ ዓመታት ያን መንገድ በመኪና መደጋገም የተለመደ ሥራ አለመሆኑ ነው። መኪናዋ መምጣት እንደምትችል ታየ፤ መመላለስ የምትችልበት መንገድ ግን አልነበረም።

ምክንያቱ ሐዲዱ ነው። በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በተሰጠው ውል መሠረት የተጀመረው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው የባቡር መስመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በገንዘብና በፖለቲካ ምክንያት ለዓመታት ከቆመ በኋላ ሥራው ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲያ ወደ ዋና ከተማው የሚመጣ መኪና በጂቡቲ ወደብ ከመርከብ ወርዶ በፉርጎ፣ ማለትም በጭነት ባቡር ተጎታች ላይ ታስሮ በአሰቦትና በአዋሽ በኩል የሚያልፍ ዕቃ ሆነ። በዚህ ሜዳ የሚኖረው ሰው መኪናን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በራሷ እግር ስትሄድ ሳይሆን በሌላ ማሽን ጀርባ ላይ ተጭና ስታልፍ ሊሆን ይችላል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ስለዚህም በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመኪና ዘመን የከተማ ዘመን ነበር፤ መኪናዎቹ ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ወጥተው በጥቂት ጎዳናዎች ላይ ይመላለሱ ነበር እንጂ አገር ለአገር አይጓዙም ነበር።

የገጠሩ መንገድ የሐዲዱ ቅርንጫፍ ሆኖ ተወለደ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ጨርጨርን ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩና ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው፣ ግዛቱን ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ሲያደራጁ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ስም የተሰየመችው አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ዋና ከተማው ሆነች። ለአዲሲቱ ከተማ ቅርቡ የባቡር ጣቢያ በቆላው ያለው ሚኤሶ ነበር። ሚኤሶ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፣ አሰበ ተፈሪ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በአጭር ርቀት ውስጥ አምስት መቶ ሜትር የሚያስወጣ ዳገት ከጣቢያው ወደ ደጋው ቡና ይወስድ ነበር። ይህ ዳገት ለዚያ ዘመን ሞተር ምን ያህል ፈተና እንደነበረ ለመረዳት ስለ ራዲያተር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ራዲያተር የሞተሩን ሙቀት ተሸክሞ የሚመጣውን ውኃ በነፋስ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ መኪናዎች ራዲያተራቸው ግፊት የሚይዝ ክዳን አልነበረውም። ውኃ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በቆላው ፀሐይ የጋለ ሞተር ተጭኖ ዳገት ሲጀምር ውኃው እየተንፎለፎለ ይወጣ ስለነበር፣ ሾፌሩ በየመንገዱ ቆሞ ማብረድና መሙላት ግድ ይሆንበት ነበር። ሌሊት መጓዝ የምሥራቁ መስመር ሾፌሮች ልማድ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ውኃ የሚገኝበት ሰፈርም ለመኪና ማረፊያ የሚሆነው በዚሁ ሕግ ነው።

በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በዚሁ መስመር ወደ ጂቡቲ ሲወጡ የዘመኑ ዋና መጓጓዣ ገና ሐዲዱ ነበር። ከዚያ ወዲያ በነበሩት አምስት የጣሊያን ወረራ ዓመታት ግን ሚዛኑ ወደ ካሚዮን አጋደለ። ካሚዮን ማለት የጭነት መኪና ነው፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ ጋር የመጣ ሲሆን ከእርሱ ጋር አንድ ሙሉ መዝገበ ቃላት ገብቷል። በየትኛውም የኢትዮጵያ ጋራዥ ዛሬም የሚሰማው ቋንቋ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። የሞተር ክዳን ኮፈን ይባላል፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ፣ የጭነት ሳጥኑ ግድግዳ ስፖንዳ፣ መኪናን ማንሻው ክሪክ፣ በጎማ ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ ከመነዳሪ፣ ብልጭታ ሰጥቶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ፣ ሞተሩን ከማርሽ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን፣ አቅጣጫ ማሳያው መብራት ፍሬቻ ነው፤ ፍሬቻ በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ሲሆን፣ የጥንቶቹ መኪናዎች መታጠፊያቸውን የሚያመለክቱት በመብራት ሳይሆን ከጎናቸው በምትነሣ ቀስት መሰል ክንፍ ስለነበር ቃሉ የጠፋውን ዕቃ ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ሾፌርና ጋራዥ ግን ፈረንሳይኛ ናቸው፤ እነርሱ የጂቡቲው ሐዲድና የቤተ መንግሥቱ ዘመን ቃላት ሲሆኑ፣ በላያቸው የጣሊያኑ የካሚዮን ዘመን እንደ ሁለተኛ የአፈር ድርብ ተነጥፏል። እነዚህን ቃላት ሰብስቦ ከነፍቺያቸውና ከነመጡበት ዓመት መጻፍ፣ አንዲት ሮልስ ሮይስ አድሶ በአዳራሽ ከማቆም የማይተናነስ የቅርስ ጥበቃ ሥራ ነው።

የወረራው መጨረሻም በመኪና የተፈጸመ ነው። ከኬንያ በሶማሊያ በኩል የገሠገሠው የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ሐረርን፣ መጋቢት 20 ቀን ድሬዳዋን ከያዘ በኋላ በሚኤሶ በኩል ይህን ሜዳ በካሚዮን ተሻግሮ ወደ አዋሽ ሄደ፤ ሸሺው የጣሊያን ጦር የአዋሽን ድልድዮች ቢያፈርስም መሻገሪያ አበጅቶ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ሲራራ ነጋዴ በሳምንታት የሚቆጥረው መንገድ በዘጠኝ ቀን ተጠናቀቀ።

ከነፃነት በኋላ መንገዱን የሚጠብቅ ቋሚ መሥሪያ ቤት የተገኘው በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሲቋቋም ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በምሥራቁ መስመር የፊያት ዘመን ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተሠራው የፊያት 682 ካሚዮን፣ በተለይም «ኤንትሬ» የሚባለው ዓይነቱ፣ መሪው በቀኝ በኩል ሆኖ፣ አፍንጫው ወደ ፊት ያልወጣና ከፊት የተቆረጠ ቅርጽ ያለው፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው ከባድ የናፍታ መኪና ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከተሠሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ጭነት ሲያመላልሱ ታይተዋል። አንድን ተሽከርካሪ አሮጌ የሚያሰኘው ዕድሜው ከሆነ ኤንትሬ ከማንኛውም የክብር መኪና እኩል ይሰለፋል። ልዩነቱ ሙዚየም ውስጥ አለመግባቱ ብቻ ሲሆን፣ ያልገባበትም ምክንያት ሥራውን ስላላቆመ ነው።

ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ሲደርሱ ደግሞ ፊያት ለፔዦ ቦታ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ መሠራት የጀመረችው ፔዦ 404፣ ቅርጿ በጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የተነደፈ፣ በጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድርን በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 ያሸነፈች ጠንካራ መኪና ነበረች። በሁለቱ ከተሞች ለአሥርተ ዓመታት ታክሲ ሆና ስላገለገለች፣ ሐረርን የጎበኘ ሁሉ ከጀጎል ግንብ ጋር አብሮ የሚያስታውሳት ምልክት ሆናለች። መካኒኮች ያረጀውን ካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ እየፈቱና እያጠቡ፣ ያልተገኘውን መለዋወጫ ከሌላ መኪና እየገጠሙ አቆይተዋታል። በዚያው በጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የሚሠሩበት ጠባብ መተላለፊያ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ እዚያ መኪና የተባለው የስፌት መኪና ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ ሲመጣ ማንኛውንም ማሽን የሚያመለክት ሆኖ ስለመጣ፣ በሐረር ከጎማ ይልቅ ለመርፌ ድምፅ ስም ሆኖ መቅረቱ የሰርኪስን ባቡር ያስታውሳል።

ዛሬ በቦርደዴ የሚያልፈው ጎዳና የጂቡቲ ተሳቢዎችና ጫት ጭነው የሚከንፉ፣ ሕዝቡ ከፍጥነታቸው የተነሣ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየማቸው አይሱዙዎች መንገድ ሆኗል። አሮጌው የአንድ ሜትር ሐዲድ በዚህ ክፍል ሥራ አቁሞ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሚኤሶ በኩል ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ካርቡራተር የሚያጥቡ እጆች የሚያውቁት ጥበብ ተተኪ የሚያገኝበት ጊዜ እያጠረ ነው። ይህን ጥበብ የያዙት አዛውንት ሾፌሮችና መካኒኮች በአብዛኛው ማስታወሻ ያልጻፉ ሰዎች ናቸው፤ የትኛው ዳገት በየትኛው ማርሽ እንደሚወጣ፣ ውኃ በየትኛው ሰፈር እንደሚገኝ ያለው ዕውቀት ከእነርሱ ጋር የሚኖር ነው።

መኪናው ግን ከሞተ በኋላም በገበያ ላይ ይታያል። የተበላው ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፤ ይህ ጫማ የቆላውን እሾህ ከቆዳ ጫማ በተሻለ ይችላል። ከመነዳሪው ተተልትሎ ጭነት ማሰሪያ ይሆናል። የኋላው አክሰል ከነጎማው ተነቅሎ ፈረስ ወይም አህያ የሚጎትተው ጋሪ ይሠራበታል። ኩሽኔታው፣ ማለትም ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የብረት ኳሶች ቀለበት፣ ለልጆች የእንጨት መኪና እግር ይሆናል። የካሚዮኑን ክብደት ለዓመታት ተሸክሞ የኖረው ባሌስትራ፣ ተደራርቦ የሚታሰረው የብረት ዝርግ፣ ከብረት ሁሉ የሚለየው እየታጠፈ የማይሰበር በመሆኑ ነውና፣ ቀጥቃጭ በከሰል አግሎ ማጭድና ቢላዋ ያወጣበታል።