አዳራሽና በረንዳ፤ የእህል በረንዳ ታሪክ ስለ ከተማ እድሳት የሚያስተምረው

አንድ ከተማ ሲታደስ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው የፈረሰው ቤትና የተሠራው አዳራሽ ነው። የአዲስ አበባ እድሳት ሲነሣም በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ በዓለም በቃኝ ወኅኒ ቤት ስፍራ ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት መሰብሰቢያ፣ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይጠቀሳሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን አዳራሽ የሌለውን መሰብሰቢያ፣ የመርካቶውን እህል በረንዳ ነው።

ከጠላት ወረራ በፊት የከተማው ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲሆን፣ የገበያው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ከተማዪቱን ከያዙ በኋላ ባወጡት ፕላን ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት አስበው አራዳን ለአውሮጳውያን አደረጉ፤ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ስፍራው አዲስ ከተማ ተባለ፤ መርካቶ የሚለውም ስም ከቋንቋቸው የመጣ ነው። በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ተባረረ፤ ገበያው ግን ከተተከለበት አልተነሣም።

ገበያውን ያጸናው ግንብ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት በእህል በረንዳ የተሠራበት ልማድ እንዲህ ነው፤ የጎጃም ወይም የሸዋ ነጋዴ ጤፉን በመኪና ጭኖ ይልካል፤ ራሱ ግን አብሮ መምጣት የለበትም። ደላላው እህሉን ተቀብሎ፣ በመዳፉ ዘግኖ ማኛውን ከሰርገኛው ለይቶ፣ ገዥ ፈልጎ ይሸጥለታል፤ ገንዘቡንም ይልክለታል። በዚያ የተቈረጠው ዋጋ በየአውራጃው ገበያ ይሰማል። የማይተያዩ ሰዎች የሚገበያዩት በመተማመን ነው።

ይህ ልማድ ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። በደርግ ዘመን መንግሥት ዋጋ ወስኖ፣ ኮታ ጥሎ፣ የእህልን ዝውውር ገድቦ ነበር፤ ገደቡ በ1982 ዓ.ም. ሲነሣ ነጋዴውና ደላላው እንደገና በይፋ መነገድ ያዙ። የበረንዳውን ደላሎች አሠራር ያጠኑት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በመሩት ጥረት ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መነሻው እህል ቢሆንም፣ ዋና ንግዱ ቡናና ሰሊጥ ሆነ፤ አብዛኛው እህል በቀድሞው መንገድ መሸጡን ቀጠለ።

በረንዳው ጉድለት የለበትም አንልም። መንገዱ ጠባብ፣ የመኪናው ግፊያ ብዙ፣ የተሸካሚው ድካም ከባድ ነው፤ መሻሻል ያስፈልገዋል። ነገር ግን ጠላት ገበያውን ያዛወረው የነጋዴውን ፈቃድ ሳይጠይቅ ነበር። በገዛ አገራችን የሚደረግ እድሳት ከዚህ የተለየ መሆን አለበት። ስለዚህ ፕላን አውጪዎች ከቤቱ ቍጥር አስቀድመው በዚያ ማን ከማን ጋር በእምነት እንደሚሠራ፣ ማንስ የዕለት እንጀራውን እንደሚያገኝ እንዲያጠኑ እናሳስባለን። አዳራሽ በጥቂት ዓመት ይሠራል፤ መተማመን ግን የትውልድ ሥራ ነው።