የክብ ልክ፤ ከገመድ እስከ ኮምፒዩተር

ክብ ጎጆ ሊሠራ የተነሣ ሰው አስቀድሞ በመሬቱ መካከል ችካል ይተክላል፤ በችካሉም ላይ ገመድ አስሮ የገመዱን ጫፍ ከእንጨት ጋር ይዞ መሬቱን እየጫረ ይዞራል። ችካሉ የክቡ ማእከል ነው፤ ከማእከሉ እስከ ዙሪያው የተወጠረው ገመድም ራዲየሱ ነው። ገመዱ ሳይረግብ እስከ ተያዘ ድረስ ዙሪያው ሊዛነፍ አይችልም። ነገር ግን ችካሉ ከተነቀለና ገመዱ ከተጠቀለለ በኋላ በመሬት ላይ የሚቀረው ጭረት ብቻ ነው። ጭረቱ በምን ልክ እንደ ተሠራ ራሱ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሠሪው ነው። የክብ ሥዕል ራሱ ልኩን ይዞ እንዲኖር እስኪደረግ ድረስ የጂኦሜትሪ ትምህርት በመጽሐፍ ከተደራጀ ወዲህ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አልፏል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ኤውክሊድስ የጂኦሜትሪን ትምህርት በ13 መጻሕፍት አደራጀ። ያለ ማስረጃ እንዲታመኑ ካስቀመጣቸው 5 መነሻዎች ሦስተኛው፥ ማናቸውንም ነጥብ ማእከል፥ ማናቸውንም ርቀት ራዲየስ አድርጎ ክብ መሥራት ይቻላል የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መፍትሔም በዚሁ ላይ ይቆማል፤ አንድ መስመር ተሰጥቶ ከሁለቱ ጫፎች በመስመሩ ልክ ሁለት ክቦች ቢሠሩ፥ ክቦቹ የሚገናኙበት ነጥብ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ባለ ሦስት ማእዘን ያስገኛል። የአንድ ክብ ራዲየሶች ሁሉ እኩል ናቸውና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ያስደንቃል። የኤውክሊድስ ሕግ ኮምፓስን በአንድ ልክ ከፍቶ ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወርን አይፈቅድም፤ ኮምፓሱ ከወረቀቱ በተነሣ ጊዜ እንደሚዘጋ ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህ ኤውክሊድስ አንድን ልክ ከነበረበት ወደ ሌላ ነጥብ ማድረስ እንደሚቻል በመስመርና በክብ አስረዳ። ልክን ሳይለውጡ ማዛወር እንዲያው የሚታመን ነገር ሳይሆን ማስረጃ የሚጠየቅበት ጉዳይ መሆኑን ያስተማረ እርሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመሐንዲሶች ወረቀትና ኮምፓስ እጅግ ተሻሻሉ፤ የሥዕሉ ጠባይ ግን አልተለወጠም። የአንድ መኪና ክፍል ቀዳዳ ራዲየስ እንዲለወጥ በታዘዘ ጊዜ ነዳፊው ክቡን በላጲስ አጥፍቶ እንደገና ይሠራል፤ ክቡን የሚነኩትን መስመሮችና ቅስቶችም አንድ በአንድ ያርማል። አንዱን ቢረሳ ወረቀቱ አይነግረውም። ስሕተቱ የሚታየው ብረቱ ተቈርጦ አልገጥም ባለ ጊዜ ነው።

ይህን ነገር ከሥሩ የለወጠው በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ የነበረው የ24 ዓመቱ ወጣት አይቫን ሳዘርላንድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. ለዶክተርነት ማዕርግ ባቀረበው ጽሑፍ ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም ገለጠ። ፕሮግራሙ ይሠራ የነበረው በሊንከን ላቦራቶሪ ቲ.ኤክስ. 2 በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ነዳፊው በብርሃን ብዕር የመስተዋቱን ገጽ ይነካል፤ በአንድ ቍልፍ ማእከሉን ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ በዙሪያው ላይ አንድ ነጥብ ሲመርጥ ራዲየሱ ይጸናል። ከዚያ በኋላ ብዕሩ ወዲያና ወዲህ ቢል የሚለወጠው የቅስቱ ርዝመት ብቻ ነው፤ ራዲየሱ አይነቃነቅም። ገመዱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተወጥሮ ቀረ ማለት ይቻላል።

ሳዘርላንድ ለምሳሌ ያቀረበው ባለ ስድስት ጎን ሥዕል ነበር። አስቀድሞ ጎኖቹ የተዛነፉትን ቅርጽ እንደ ነገሩ ሣለ፤ ቀጥሎ ማእዘኖቹን በአንድ ክብ ዙሪያ ላይ አሳረፋቸው፤ በመጨረሻም ጎኖቹ ሁሉ እኩል ይሁኑ ብሎ አዘዘ። ሥዕሉ በራሱ ተስተካክሎ ፍጹም ባለ ስድስት ጎን ሆነ። ኮምፒዩተሩ ይህን የሚያደርገው ሥዕሉ ከታዘዘው ግዴታ ምን ያህል እንደ ራቀ እየለካ፥ ልዩነቱን ደጋግሞ በማሳነስ ነው።

ካድ እየተባለ የሚጠራው በኮምፒዩተር የመንደፍ ጥበብ ከዚያ በኋላ እየተስፋፋ ሄደ፤ የሳዘርላንድ አሳብ ግን ወዲያው በየቢሮው አልገባም። በ1982 የወጣው አውቶካድ ክብን በተሰጠው ራዲየስ አጥርቶ ይሠራ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሥዕሉ ክፍሎች መካከል ያለውን ግዴታ አይጠብቅም ነበር። ሳሙኤል ጋይዝበርግ በ1985 ያቋቋመው ፓራሜትሪክ ቴክኖሎጂ ኮርፖሬሽን ግን ልኩ ሲለወጥ ቅርጹ ሁሉ አብሮ የሚለወጥበትን ፕሮግራም ለፋብሪካዎች አቀረበ። አውቶካድም በ2009 በወጣው እትሙ ግዴታዎችን ተቀበለ። ዛሬ ፍሪካድን የመሰለ መሣሪያ ያለ ዋጋ ስለሚገኝ ተማሪም ሊለማመድበት ይችላል።

ሥራው በቍጥር ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ክብ በሦስት ነገር ይወሰናል፤ ማእከሉ ወደ ጎንና ወደ ላይ ባለው ስፍራ፥ እንዲሁም በራዲየሱ። ቅስት ግን መነሻውና መድረሻው ስለሚጨመሩ አምስት ነገር ይፈልጋል። ግዴታዎች እነዚህን ያስራሉ። ማእከሉና ራዲየሱ ከተሰጡ ክቡ ሙሉ በሙሉ ታስሯል፤ ቅስቱ ግን ሁለቱ ጫፎቹ ገና ነፃ ናቸው።

ከሚገባው በላይ ማሰርም አለ። በክብ ውስጥ የተሣለ፥ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ባለ ስድስት ጎን፥ ጎኑ ምንጊዜም ከክቡ ራዲየስ ጋር እኩል ነው። ነዳፊው ራዲየሱን 40፥ ጎኑን 30 ሚሊሜትር ብሎ ቢያዝ ፕሮግራሙ ትእዛዞቹ እንደማይስማሙ ይነግረዋል። ጎኑን 40 ቢለው ደግሞ ያው ነገር ሁለት ጊዜ እንደ ተነገረ ያስታውቀዋል። የጥንቱ ጂኦሜትሪ እዚህ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጧል።

ዳኛው የማያገኘው ስሕተት ግን አለ። ቀዳዳ የሚበሳበት መሣሪያ የሚጠራው በሙሉ ስፋቱ፥ ማለት በዲያሜትሩ ነው። የ20 ሚሊሜትር ቀዳዳ የታዘዘ ተማሪ በራዲየሱ ስፍራ 10 በማለት ፈንታ 20 ብሎ ቢጽፍ፥ ቀዳዳው 40 ሚሊሜትር፥ የገጹም ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ይህን ያለ አንዳች ተቃውሞ ይፈጽማል፤ ክቡን የሚነኩትን መስመሮች ሁሉ በተሳሳተው ልክ በትክክል ያስተካክላቸዋል። በወረቀት ዘመን የነዳፊው እጅ ይሳሳት ነበር፤ አሁን የሚሳሳተው አሳቡ ነው።

ስለዚህ ኮምፓስን በእጁ ይዞ፥ የራዲየስን ትርጕም በወረቀት ላይ ያልተማረ ልጅ በኮምፒዩተር ፊት ቢቀመጥ መሣሪያው አይረዳውም። መሣሪያው የተሰጠውን ልክ በታማኝነት ይጠብቃል፤ ልኩ የተገባ መሆኑን መመርመር ግን ዛሬም የሠሪው ድርሻ ነው። ችካሉን የት እንደሚተክል፥ ገመዱንም ስንት ክንድ እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ቤቱ ይቆምለታል።