እንጦጦን የሚያይ ዓይን

የአዲስ አበባው የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ስሙ ብቻ እንኳ ከተማይቱ እንደ ጦር ሰፈር የተቆረቆረች መሆኗን ያስታውሳል። ከዚያ ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚመለከት፣ ከከተማይቱ በላይ የተዘረጋው አረንጓዴ ተራራ፣ እንጦጦ፣ የዚሁ ታሪክ መነሻ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ የመሠረቱት ከፍታው ለመከላከያ ስለሚያመች ነበር። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ይሁን እንጂ ብርዱ ጸና፤ ደኑም ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተመነጠረ። እቴጌ ጣይቱ የወደዱት የፍልውኃ መስክ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚል ስም አግኝቶ ስለ ነበር፣ ቤተ መንግሥቱና ሠራዊቱ ወደዚያው ወረዱ።

ዛሬ ጎብኚው ጥንታዊ ደን ነው ብሎ የሚያደንቀው የእንጦጦ ልምላሜ እንግዲህ በአመዛኙ የሰው እጅ ሥራ ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባና የማገዶ ችግር ያስፋፋው ተክል ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ ለብዙ ዘመን እንጀራዋን የጋገረችው፣ የእንጨት ሸክም አጉብጧቸው ያን ዳገት በወረዱ ሴቶች ጀርባ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ተራራው የመዝናኛ ሥፍራ ሆነ። መልካም ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑንና የምኒልክን እልፍኝ ለጎብኚ የሚያሳይ አስጎብኚ፣ የእንጨት ተሸካሚዋንም መንገድ ሊያሳይ ይገባል። የእርሷ አሻራ ካልተነገረ የተራራው ታሪክ ጎደሎ ነውና።